ከሸረፋ በርበሬ ማሳ የጠፋው አሥራ ስድስት ሊትር

አውሮፕላኗ በሸረፋ የበርበሬ ማሳ ላይ የወረደች ዕለት ከማሉን የገረመው መውደቋ ሳይሆን አለመሽተቷ ነበር።

ሰው የሚገርመው እንደ ሥራው ነው። ከማሉ ከመስቃን ገጠር ወደ ቡታጅራ የሚወጣው ኮረኮንች አስፋልቱን በሚነካበት ጥግ ላይ ቤንዚን በጄሪካንና በውሃ ላስቲክ እየሸጠ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ማደያው ላይ ሰልፉ ሲረዝም የእሱ ደጅ ይሞቃል፤ ማደያው ቤንዚን የገባለት ዕለት ደግሞ ዘመድ የሞተበት ይመስል ፊቱ ይጠቁራል። ቤንዚን የነካውን ዕቃ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ይለያል። ሚስቱ ሰልሚያም፣ "አንተን ለመፈለግ ስልክ መደወል አያስፈልግም፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይበቃል" ትለዋለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ከማሉ ከአንዱ ጄሪካን ወደ ላስቲኮቹ በቱቦ እየቀዳ ሳለ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነጭ አውሮፕላን ከባሕር ዛፎቹ አናት ላይ ብቅ አለች። ድምፅ የላትም። ፊቷ ላይ ያለው ቬንትሌተር ቆሟል። የባሕር ዛፉን ጫፍ ቀንጥሳ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ የሰልሚያ ታላቅ ወንድም ሸረፋ ለለቀማ ያደረሰውን በርበሬ ሦስት መደዳ አጭዳ፣ የመስኖው ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች።

ሰው ሁሉ "እሳት! እሳት!" እያለ ከሩቅ ቆመ። ከማሉ ግን ሮጠ። እጁ ላይ የነበረውን ቱቦ ማስቀመጥ እንኳ ትዝ አላለውም። በሩን ገንጥሎ አብራሪውን ከብብቱ ይዞ ሲጎትት አፍንጫው ያገኘው የተጨፈለቀ በርበሬ፣ የቦይ ጭቃ፣ የጋለ ብረትና የአብራሪውን ሽቶ ነው። ቤንዚን የለም።

"ቅረቡ! ምንም አይሸትም! ቤንዚን የላትም!" ብሎ ተጣራ።

ይህችን ንግግር ሰባት ሰው ሰምቷል። በሦስተኛው ቀን ሰባቱም ለፖሊስ ተናገሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሳጅን ዘመድኩን በፒካፕ መጣ። ከእሱ ጋር ስለ አደጋው ልታጣራ ከአዲስ አበባ የተላከች ትርሲት የምትባል ባለሙያ አለች። አብራሪው ካፒቴን ምንተስኖትም ክንዱን በጄሶ አሳስሮ ከሆስፒታል ወጥቶ አብሮ መጥቷል። አውሮፕላኗ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ካለ የሳር ሜዳ ተነስታ ለአንድ የመሬት ጥናት ፕሮጀክት ፎቶ ስታነሳ የነበረች ናት። በአገና በኩል ዞራ፣ በእምድብር አልፋ፣ መስቃንን ጨርሳ ስትመለስ፣ ወልቂጤ ልትደርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት ሞተሩ ዝም አለ። የምትጠጣውም የባጃጁን ቤንዚን ነው። ይህን የሰማ አንድ ባለ ባጃጅ፣ "እኛማ ሌላ ነገር የምትጠጣ መስሎን ስናከብራት ነበር" አለ።

ትርሲት ማሳው ውስጥ ገብታ ታንከሩን በባትሪ አየች፤ ለካች፤ ጻፈች። ከዚያ ለሳጅን ነገረችው። ሳጅን ደግሞ የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

"ስትነሳ ሰማንያ ሊትር ተሞልቶላታል። በሰዓት ሃያ ሊትር ትጠጣለች። አየር ላይ የቆየችው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ስድሳ አራት ሊትር ጠጣች ማለት ነው። አሥራ ስድስት ሊትር መትረፍ ነበረበት። ታንከሩ ግን እንደ ጾመኛ ጉሮሮ ደርቋል። አሥራ ስድስቱን ማን ጠጣው?"

"ሞተሩ ለምን ቆመ ታዲያ?" አሉ የመንደሩ ሽማግሌ ሐጂ ዑመይር። "ቤንዚን ስላለቀ አይደለም?"

"ሞተር በብዙ ምክንያት ይቆማል፣ ሐጂ።"

ትርሲት ወደ ካፒቴኑ ዞረች። "ሰማንያ ሊትር መሞላቱን እርግጠኛ ነዎት? የቤንዚን ጌጁን አይተዋል?"

"ጌጁ ከተገዛ ጀምሮ ይዋሻል" አለ ካፒቴኑ። "እኛ የምናምነው ጄሪካኑን ነው። ባለ ሃያ ሊትር አራት ጄሪካን፣ በእጄ እየቆጠርኩ አስገልብጫለሁ።"

እንግዲህ ወይ ካፒቴኑ ዋሽቷል፣ ወይ መንደሩ ሰርቋል። ሳጅን ከሁለቱ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገረም። ካፒቴኑ ትከሻው ላይ አራት መስመር አለው፤ መንደሩ ምንም የለውም።

ሚሊሻዎች ደርሰው አውሮፕላኗን መጠበቅ እስኪጀምሩ ሁለት ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። ሳጅን በዚያ ሁለት ሰዓት ማሳው አካባቢ የታየውን ሁሉ ጭኖ ሊሄድ ፈለገ።

"ሳጅን፣ የታየውማ አገሩ ሙሉ ነው" አሉት ሐጂ ዑመይር። "ሁሉን አስረህ ቁልፉን ማን ይይዝልሃል? አውጫጭኝ እንቀመጥ።"

ተቀመጡ። በመንደሩ መሐል በሚያልፈው ሰፊ የሳር መንገድ፣ በጀፎረው ላይ፣ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይነሳም። እያንዳንዱ ተራ በተራ ቆሞ ሦስት ነገር ይምላል፦ አልወሰድኩም፣ የወሰደ አላየሁም፣ የወሰደ አልሰማሁም። ሙስሊሙ በወላሂ፣ ክርስቲያኑ በመስቀል።

አውጫጭኝ ሲቀመጡ ሰው ጎረቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። ሐሙስ ዕለት ማን ቶሎ መጣ፣ ማን ዘገየ፣ የማን ሞተር ብስክሌት ዓርብ ጠዋት ያለ ወትሮዋ በአንድ ምት ተነሳች፣ ሁሉም በሆዱ ይቆጥራል። ተራዋ የደረሰ ሃሊማ የምትባል የከማሉ ጎረቤት ቆመች።

"ወላሂ አልወሰድኩም፣ ሲወሰድም አላየሁም" አለች። "ቱቦውን ግን አይቻለሁ።"

"የምን ቱቦ?" አለ ሳጅን።

"የከማሉን። አውሮፕላን በቱቦ የሚቀበል ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።"

ሁሉም ወደ ከማሉ ዞረ። ከማሉ ተነሳና ማለ። በዕድሜው ብዙ ጊዜ ምሏል፤ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ የማለበት ቀን ግን ትዝ አይለውም። አልወሰደም። አላየም። አልሰማም። ምላሱ ላይ እንደ ማር ነው የጣፈጠው። ሲቀመጥ እንዲያውም ቅር አለው፤ ደግመህ ማል ቢሉት ይምል ነበር።

ሳጅን ግን ቱቦውን አልረሳም። የከማሉን ሱቅ አስፈተሸ። ዓርብ ዕለት ያለውን ሁሉ ሸጦ ስለነበር ከሦስት ባዶ ጄሪካን በቀር የተገኘ የለም። ከዚያ፣ አውሮፕላኗ የወደቀችው በማሳው ነውና፣ የሸረፋ ቤት ተፈተሸ። ሚሊሻው ከቆጥ ሥር፣ ጆንያ የተከናነበ፣ ጥላሸት ያጠቆረው ቢጫ ጄሪካን ጎትቶ አወጣ። ቤንዚን ነው።

ሸረፋ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። አጭር፣ ቁጡ፣ ሲናገር ሰማይ ምድሩ የሚሰማው ሰው ነው። "የውሃ ፓምፔ ነው! ረቡዕ ለት ከራሱ ከከማሉ የገዛሁት! ሃያ ሊትር! ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም!"

"እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የሸጥኩለት" አለ ከማሉ።

"ይለካ" አለች ትርሲት።

መስመር የተሰመረበት ባልዲ ከፒካፑ አወረደች። ሚሊሻው ጄሪካኑን በጎኑ አጋድሞ ገለበጠ። ባልዲው አምስት ሲሞላ ወደ ሌላ ዕቃ ይዞራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ጥቂት ተንጠባጥቦ ቀረ። ትርሲት ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች።

"አሥራ ስድስት" አለች።

ጀፎረው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ወደ ሸረፋ ዞረ።

"ሃያ ነው አላልክም?" አለ ሳጅን።

"ሃያ ነው!"

"ይኸው አሥራ ስድስት።"

"ሃያ ነው የገዛሁት!"

"ክዳኑም አልተከፈተም?"

"ወላሂ አልተከፈተም!"

"እንግዲያውስ አራቱ ሊትር ክዳን ሳይከፍት ወጥቶ ሄደ።" ሳጅን ወደ ሕዝቡ ዞረ። "የጠፋው አሥራ ስድስት። የተገኘው አሥራ ስድስት። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የገጠመ ማስረጃ አላየሁም።"

"በጣም ገጠመ" አለች ትርሲት ለብቻዋ፣ ደስ ሳይላት።

ሸረፋ እጁ ላይ ካቴና ገባ። በርበሬው ለለቀማ ደርሷል፤ ሳምንት ካለፈው ይረግፋል። ልጆቹ ገና ጉልበት ያላወጡ ናቸው። ከአደጋ ቦታ የሰረቀ ደግሞ፣ ሳጅን እንዳብራራው፣ ተራ ሌባ አይደለም፤ ፋይሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ወደ ላይ የሄደ ፋይል መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም።

ከማሉ አራቱ ሊትር የት እንደሄደ ያውቃል። የትም አልሄደም። መጀመሪያውኑ አልገባም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶውን ጄሪካን የፈላ ውሃ ይጨምሩበታል። ላስቲኩ ሲለሰልስ ውሃውን ደፍተው ይገለብጡትና መቀመጫውን በዘነዘና ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ይገፉታል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱበት እንደዚያው ሆኖ ይደርቃል። ቆሞ ሲታይ ጄሪካን ነው፤ እስከ አንገቱ ይሞላል፤ ሆዱ ውስጥ ግን የሰው ራስ የሚያህል ጉብታ ተቀምጧል። አራት ሊትር። ከማሉ አምስት ሞክሮ ነበር፤ ጄሪካኑ መቆም እንቢ ስላለው ወደ አራት ተመለሰ። ለሚስቱ ወንድም ሲሸጥ ትንሽ ቅር ይለዋል። ይሁን እንጂ ለዘመድ ሌላ ጄሪካን መያዝ ደግሞ የቀረውን ገበያተኛ ማስነቃት ነው። እስከዛሬ ይህን ለራሱ ሲነግረው አሳማኝ ነበር።

ዘነዘናው የሰልሚያ ነው።

ቀና ሲል ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ከሴቶቹ መሐል፣ ሻሿን አገጯ ሥር አጥብቃ ይዛ፣ ሳትንቀሳቀስ ታየዋለች። ስትቆጣ ትጮሃለች፤ ያን ለምዶታል። አሁን አልጮኸችም። ወንድሟን ወደ ፒካፑ ሲገፉት አየች። እንደገና ከማሉን አየች። ከዚያ መሬቱን በእጇ ተደግፋ ልትነሳ ጉልበቷን አቀናች።

እሷ ከተናገረች ቤንዚኑም ቤቱም ሄደ። ከማሉ ቀድሟት ተነሳ።

"ሳጅን፣ ሃያ ነው።"

"ምኑ?"

"አሥራ ስድስቱ።"

ሳጅን ጸሐይ የመታውን ሰው እንደሚያዩ አየው። ከማሉ ሄዶ ባዶውን ጄሪካን አነሳና ገልብጦ መቀመጫውን ለሕዝቡ አሳየ። ነገሩን ከፈላው ውሃ እስከ ዘነዘናው ተናገረ። ሲጨርስ፣ እፎይ የሚል ሰው ጠብቆ ነበር። ሳቁበት።

"ለአማቹ ብሎ ነው!" አለ አንዱ።

"በል በል፣ ሰልሚያን ፈርቶ ነው!"

"ወዳጄ" አለው ሳጅን እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ "ማንም ሰው በአደባባይ አጭበርባሪ ነኝ አይልም። ትንሹን የሚያወጣው ትልቁን ሊደብቅ ነው። ከሸረፋ ጋር ተካፍላችኋል?"

ከማሉ በሥራው ዘመን ሁሉ ውሸቱን ያላመነው አልነበረም። እውነቱን በነገራቸው ቀን ግን የሚያምን አጣ።

"ውሃ አምጡ" አለች ትርሲት።

ከቦዩ ውሃ ተቀዳ። ጄሪካኑን ሕዝቡ እያየ እስከ አንገቱ ሞሉትና ወደ ባልዲው ገለበጡት። አሥራ ስድስት። የከማሉን ሦስት ባዶ ጄሪካኖች አመጡ። አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስት። ሦስተኛው አሥራ ስድስት ተኩል ወጣው።

"ይሄኛውን ስሠራ ደክሞኝ ነበር" አለ ከማሉ።

አሁን የሳቀ የለም። ባለ ባጃጆቹ፣ ባለ ሞተሮቹ፣ ባለ ፓምፖቹ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሄዱ እያሰቡ ነው። ሃሊማ ብቻ፣ "ቱቦውን አልወደድኩትም ብዬ ነበር" አለች።

የሸረፋ ካቴና ወለቀ። አንጓውን እያሸ ከማሉ አጠገብ አለፈ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

እዚህ ላይ ነገሩ ለከማሉ አብቅቶ ነበር። አማቹ ተፈታ፤ እሱም ተዋረደ፤ ሚዛኑ ደህና ነው። የጠፋው አሥራ ስድስት ሊትር ግን እንደጠፋ ነው። ካፒቴኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በደህና እጁ ጣቶቹን እያጠፈ ይዘረጋል።

"አራት ነው የሞላሁት" አለ። ጣቶቹን እንደገና አጥፎ፣ "ወይስ ሦስት ይሆን? አንዱን ሁለቴ ቆጥሬው ይሆን?"

"ጄሪካኖቹ ከየት ነው የመጡት?" አለችው ትርሲት።

"ገብረወልድ የሚባል የግዢ ሠራተኛ አለን። እሱ ነው የሚያመጣው።"

ከማሉ ስሙን ሲሰማ ጆሮው ጋለ። በየማክሰኞው ከወልቂጤ ለፕሮጀክት ሥራ እየመጣ፣ "ለጄኔሬተር ነው" እያለ አራት አራት ጄሪካን ሞልቶ የሚወስድ፣ ባዶውን መልሶ የሚያመጣ፣ አጥብቆ የማይከራከር አንድ ገብረወልድ ያውቃል። ጥሩ ደንበኛ ነው። አራት ጄሪካን፣ አራት አራት ሊትር።

ትርሲት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

"ቤንዚኑንማ ከማደያ ነው የምገዛው!" አለ ገብረወልድ ከወልቂጤ። "ደረሰኝ በደረሰኝ ነው፣ እህቴ! ከማደያ ውጪ ጠብታ አልገዛም! ካፒቴኑ ሲቆጥር ተሳስቶ ይሆናል፤ ሰው ነው።"

ካፒቴኑ ጣቶቹን ማጠፍ ተወ። "ሰው ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ተሳስቼ ይሆናል።"

ትርሲት እስክሪብቶዋን አነሳች። ከማሉ ያን ጊዜ የሆነውን በኋላ ለማስረዳት ሞክሮ አልቻለም። ሲያታልል የኖረ ሰው፣ የተታለለ ሰው ምን እንደሚመስል አያውቅም፤ ገዝቶ አመስግኖ ነው የሚሄደው። አሁን ግን አንዱ ፊቱ ተቀምጧል፤ በትክክል ቆጥሮ፣ ቆጠራውን እየተጠራጠረ። ከማሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"ገብሬ፣ እኔ ነኝ" አለ። "ከማሉ። የማክሰኞው።"

ስልኩ ተዘጋ።

ትርሲት መልሳ አልደወለችም። ወረቀቷ ላይ አራት ጊዜ አራት ጻፈች፤ ከሥሩ መስመር አስምራ አሥራ ስድስት አለች። ሳጅን አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ስለዚህ ከዚህ የተሰረቀ የለም?" አለ፣ ፋይሉ ከእጁ እንዳመለጠው ሰው።

"ከዚህ የተሰረቀ የለም። ያልተሞላ ነው።"

"ይሄ ደግሞ በየትኛው አንቀጽ ነው?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ።"

ሳጅን አላወቀም። ቢሆንም ፒካፑ ባዶውን እንዲመለስ አልፈለገምና ከማሉን ከኋላ ጫነው። ካፒቴኑ ከፊት በር አጠገብ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው። አመሰግናለሁም አላለም፤ አልተሳደበምም። የትኛው እንደሚቀድም ያልወሰነ ይመስላል። ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰልሚያ ራቅ ብላ ቆማለች፤ ትጠብቀው ትተወው ከፊቷ አይታወቅም።

ሞተሩ ሲነሳ ሸረፋ እየሮጠ መጥቶ የፒካፑን ጠርዝ ይዞ ወጣ። ከከማሉ ጎን ዱብ ብሎ ተቀመጠ።

"አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?" አለው ሳጅን በመስኮት ብቅ ብሎ። "ተለቀሃል እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ በርበሬህን አትለቅምም?"

"እመለስበታለሁ። ይሄ ሰው ጣቢያ ብቻውን ገብቶ ቃሉን ከሰጠ እንደ ቤንዚኑ ይቀንስበታል" አለ ሸረፋ፣ አሁንም ከማሉን ሳያየው። "ሙሉውን እስኪናገር አጠገቡ እቀመጣለሁ።"

ከማሉ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው።